አህያውን ፈርቶ ኪልቱን

ባለፈው ክረምት ኤድንብራ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ክረምት የምለው የኛን ነው፤ እነሱ በጋ ነው ይላሉ፤ ዝናቡ ግን የማንንም አቆጣጠር ሳይጠይቅ ሲወርድ ዋለ። ሙሽራው የድሮ የትምህርት ባልንጀራዬ ልጅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዬ እዚያ ከተማ ስቀመጥ ከአባቱ ጋር አንድ ማድ ቤት ተጋርተን ኖረናል። እኔ ሽሮ መሥራት አስተማርኩት፤ እሱ ደግሞ ብርድ እንዴት እንደሚቻል አስተማረኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩ የነሱ ስለሆነ በነሱ ይሁን ብዬ ነው።)

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ፎቶ አንሺው ዘመድ አዝማዱን መደርደር ሲጀምር ነገር ተነሣ። የስኮትላንድ ወንድ ሲያገባ ኪልት መልበስ ይወዳል። ኪልት ያቺ ከወገብ እስከ ጉልበት የምትደርስ፣ ከኋላዋ ሽንሽን ያላት የወንድ ልብስ ናት። እኛ ብናያት “ጉርድ ቀሚስ” ነው የምንላት፤ እነሱ ፊት ግን ይህን ቃል እንዳታወጡት፣ ጠብ ነው። የሙሽራው ኪልት ደግሞ ከለመድነው ለየት ያለ ነበር። ታርታን የሚባለው ባለ ዳማ ጨርቅ አይደለም፤ ድፍን፣ ከሰል የመሰለ ግራጫ ሱፍ ነው። ስፖራን የሚሉት፣ ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ የለውም። በቦርሳው ፈንታ ግራና ቀኝ ኪስ አለው። ልጁ አንዱ ኪስ ውስጥ ሞባይሉን ከቷል።

የእናቱ ወንድም ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሙሉውን ነው የለበሱት። የጎሣቸው ታርታን፣ 8 ያርድ የፈጀ ከባድ ሱፍ፣ የቆዳው ቦርሳ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ጩቤ፤ አንድም አልጎደለም። ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ “ቀሚስ ከለበሰ ሰው አጠገብ ቆሜ ፎቶ አልነሳም” አሉ። አባት ለመነ፣ እናት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሳቸው ወይ ፍንክች!

ይባስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ለክብሩ ብዬ የሀገሬን ልብስ ለብሼ ነበር። ነጭ፣ አንገቱና እጅጌው ላይ ጥበብ ያለበት፤ ነጠላም ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። “ይህን ሰው ተመልከቱት!” አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። “ከአፍሪካ ድረስ የአያቶቹን ልብስ ሳይቀንስ ሳይጨምር ይዞ መጥቷል። ወግ ማክበር ማለት ይህ ነው!” እኔም ደረቴን ነፋሁ። አንባቢዬ፣ ይህችን የተነፋች ደረት አደራ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስለ ልብስ ባልጻፍኩ። ሁለት የሙሽራው የአክስት ልጆች እየሮጡ ደረሱ። ቀይ ታርታን ለብሰዋል። አንደኛው እየሳቀ እንደነገረኝ ሁለቱም ኪልታቸውን የገዙት ባለፈው ቀን ቱሪስት ከሚተራመስበት መንገድ ላይ፣ በአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ጨርቁ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ የተሠራውም ከስኮትላንድ ውጭ ነው። ሽንሽኑ የጠዋቱን ዝናብ እንኳን አልቻለም፤ ተዘርግቶ መጋረጃ መስሏል። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በራ። የሁለቱንም ትከሻ መታ መታ እያደረጉ፣ “እንዲህ ነው እንጂ!” አሏቸው። ለምን? ዳማ ነዋ! ቀይ ነዋ! ቦርሳው ተንጠልጥሏል፤ ኪስ የለውም። በቃ።

“አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይላል ያገራችን ሰው።

ክርክሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ስኮትላንዳውያን በተሰደዱበት አሜሪካና ካናዳም፣ ኪልት ለባሹ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይነታረካል። አንዱ ወገን “ኪልት ታርታን ነው፣ ሱፍ ነው፣ ሥርዓት አለው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ፌዝ ነው” ይላል። ሌላው ወገን “ልብስ የሚለበስ ነገር ነው፤ ለሠርግና ለቀብር ብቻ ከሣጥን የሚወጣ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው” ብሎ ይመልሳል። እኔ ባዳ ነኝ፤ ግን ባዳ አንዳንዴ የቤት ሰው የማያየውን ያያል። ወግ ጠባቂዎቹ የሚጠብቁት የተሳሳተውን በር ነው ባይ ነኝ። ኪስ ያለውን ኪልት ከፊት በር ላይ ሲያሳድዱ፣ ኪልትን የሚገድለው ታርታኑን ለብሶ በጓሮ በር ሰተት ብሎ ይገባል።

ለመሆኑ ጥንታዊው የሚባለው ኪልት ምን ያህል ጥንታዊ ነው? በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ደገኛ የሚለብሰው አንድ ትልቅ የሱፍ ጨርቅ ነበር። እየሸነሸነ ወገቡ ላይ ይጠቀልለዋል፣ በቀበቶ ያስረዋል፣ የተረፈውን ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ቀን ልብሱ ነው፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ። ጋቢ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዛሬ የምናየው አጭሩ ኪልት የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም፣ የላይኛው ግማሽ ቀርቶ የታችኛው ብቻውን ሲለበስ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ደግሞ ሐሳቡ የቶማስ ሮውሊንሰን ነው ይላል። ሮውሊንሰን ግሌንጋሪ በሚባለው ደጋ ብረት ማቅለጫ የነበረው እንግሊዛዊ ነው። እንግሊዛዊ! ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ በመሐላቸው አልገባም። አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው። አጭሩ ኪልት ራሱ በዘመኑ “የተሻሻለ” ልብስ ነበር። ያኔ ፎቶ አንሺ ቢኖር ኖሮ፣ “ግማሽ ጨርቅ ከለበሰ ሰው አጠገብ አልቆምም” የሚል አጎት አይጠፋም ነበር።

ለሽማግሌው ፍትሕ ላድርግ። እልሃቸው ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1746 ሚያዝያ ላይ የደገኞቹ ጦር ከሎደን በተባለው ሜዳ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የለንደኑ ፓርላማ የደገኞቹን ልብስ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ኪልት ለብሶ የተገኘ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ባሕር ማዶ ተግዞ ሰባት ዓመት ይቆያል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በእነዚያ ሠላሳ አምስት ዓመታት ኪልቱን በሕግ የለበሱት በእንግሊዝ ንጉሥ ሠራዊት ውስጥ የገቡት የደጋ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። እንግዲህ የአያት ቅድመ አያቱ ልብስ ለእስራት ያበቃ የነበረ ሰው ስለ ልብሱ ቢቆጣ ትፈርዱበታላችሁ? እኔ አልፈርድም።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አይቆምም። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ የአቀባበሉን ድግስ ያቀናበረው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ! ንጉሡም ኪልት ለበሰ፤ ከሥሩ ደግሞ የሥጋ መልክ ያለው ጠባብ የእግር ልብስ አጠለቀበት። ቆላው ስኮትላንዳዊ ትናንት “ሽፍታ” ሲለው የኖረውን የደገኛ ልብስ በዚያ ድግስ ላይ የሀገር ልብስ ብሎ ተቀበለው። ወዲያው የታርታን ገበያ ደራ። ባኖክበርን የነበሩት የዊልሰን ቤተሰብ ሸማኔዎች ብዙውን ንድፍ በቁጥር ሲሸጡት ቆይተው ኋላ የጎሣ ስም ያለው እየበዛ ሄደ። በ1842 ደግሞ ራሳቸውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ዘር አድርገው የሚያቀርቡ ሁለት ወንድማማቾች ከጥንት የብራና ጽሑፍ አገኘነው ያሉትን የጎሣ ታርታን መጽሐፍ አሳተሙ። ብራናው ሐሰት ነበር። ከንድፎቹ ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በኩራት ይለበሳሉ። ታሪክ ጸሐፊው ሂው ትሬቨር ሮፐር በ1983 በታተመ ድርሰቱ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ “ወጉ የተፈጠረ ነው” ሲል ስኮትላንዳውያንን አስቆጣ።

እኔ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር በልብ ወለድ ስለተጀመረ ዋጋ የለውም አልልም። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ከተዳረበት፣ ከተቀበረበት፣ ጦር ሜዳ ከወደቀበት፣ ያ ልብስ እውነት ሆኗል። በዚህ ከትሬቨር ሮፐር ይልቅ ለሽማግሌው አደላለሁ። ይሁንና በ1822 ድግስ ላይ የተሰፋ ወግ ለብሶ የ1996ቱን “ወግ አፍራሽ” ማለት ደግሞ አያምርም።

1996ን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። የኤድንብራ ኪልት ሰፊዎች ልጅ የሆነው ሃዊ ኒኮልስቢ “የ21ኛው ክፍለ ዘመን ኪልቶች” የሚለውን ሥራውን የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ከቆዳ፣ ከጂንስ፣ ከድፍን ሱፍ ኪስ ያለው ኪልት ሰፋ፤ ሐሳቡም ወንድ ኪልት ለብሶ ሥራ ይሂድ፣ አውቶቡስ ይሳፈር የሚል ነው። በ2000 ደግሞ ሲያትል ላይ ዩቲሊኪልትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተቋቋመ። ከጠንካራ የጥጥ ጨርቅ፣ መዶሻና ሚስማር የሚችል ኪስ ያለው ኪልት ለአናጢውም ለጎረምሳውም አቀረበ። ወግ ጠባቂው ራሱን ያዘ።

አሁን ወደ ሙሽራችን ልመለስ። ማታ ጭፈራው ሲሞቅ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ልብሱ ጠየቅሁት። ሱፉ የተሸመነው እዚያው ስኮትላንድ ነው። የሰፋችው ከተማው ውስጥ በእጇ የምትሰፋ አንዲት ኪልት ሰፊ ናት። ሁለት ጊዜ ለክታዋለች፤ ሳምንታት አስጠብቃዋለች፤ ዋጋው የወር ቤት ኪራዩን ያህላል። በእጅ የሚሰፋ ኪልት ሃያ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ሽንሽን ይለካል፣ ይታጠፋል፣ በመርፌ ይያዛል። ልጁ ይህን ኪልት በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ይለብሰዋል። የአጎቱ ኪልት ግን በዓመት ሦስቴ ቢወጣ ነው። “አጎቴ ኪልቱን ይወደዋል” አለኝ፤ “እኔ ደግሞ እኖርበታለሁ።”

እስቲ ፍረዱ። አንደኛው ኪልት ኪስ አለው፤ የሀገሩን በግ፣ የሀገሩን ሸማኔ፣ የሀገሩን ሰፊ አብልቷል። ሁለተኛው ኪልት ታርታን አለው፤ ከነዚህ አንዱንም አላበላም። የተወገዘው የቱ ነው? የተመረቀውስ?

ወግ ጠባቂዎቹ አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ ልለፈው ብል ለራሴም አይዋጥልኝም። “ሁሉም ነገር ኪልት ከተባለ ኪልት የሚባል ነገር አይኖርም” ይላሉ። እውነት ነው። ስም ካልተጠበቀ ይፈሳል። ግን ስሙን ከማን ነው የምንጠብቀው? ኪስ ያለው ኪልት ማንነቱን አይደብቅም። “አዲስ ነኝ፣ ተሻሽያለሁ” ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ የአያትህ ነኝ ብሎ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው ያ የአንድ ምሳ ዋጋ ያለው ነው፤ የአያትህን መልክ ለብሶ ስለሚመጣ።

የስኮትላንድ ፓርላማ በ2008 ባወጣው ሕግ የታርታን መዝገብ ተቋቁሟል፤ በ2009 ሥራ ጀምሯል። ጥሩ ነገር ነው። አዲስ ንድፍ ያለው ግለሰብም ሆነ ድርጅት አመልክቶ ማስመዝገብ ይችላል። ስለዚህ በሕግ ፊት እንኳን ታርታን የተዘጋ በር አይደለም፤ ዛሬም እየተወለደ ነው። መዝገቡ የሚመዘግበው ግን ንድፉን ነው፤ የመስመሩን ቀለምና የክሩን ቆጠራ። በዚያ ንድፍ የተሸመነው ጨርቅ ሱፍ ይሁን ፕላስቲክ፣ የሰፋው እጅ የማን ይሁን፣ ያ የመዝገቡ ጉዳይ አይደለም። በ2021 ደግሞ ሄሪቴጅ ክራፍትስ የተባለው የብሪታንያ የዕደ ጥበብ ተቋም ኪልት መስፋትን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ተመልከቱልኝ! ንድፉ በመንግሥት መዝገብ ተቆልፎበታል፣ መንገዱ ሁሉ በታርታን አጊጧል፣ ቱሪስቱ ይጎርፋል፤ ሰፊዋ ግን እየጠፋች ነው። መልኩ ተርፎ እጁ ሲሞት “ወጋችን ተጠብቋል” ይባላል?

አሁን ወደዚያች የተነፋች ደረት።

አዲስ አበባ ስመለስ የሠርጉ ልብሴ እጅጌ ላይ ያለው ጥበብ ከጠርዙ ተላቅቆ አገኘሁት። ላስጠግነው ብዬ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አንድ ከጋሞ የመጡ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሸማኔ ልብሱን ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ሰደው እጅጌውን ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት፣ እንደገና ገለበጡት።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ ሥራ አይደለም” አሉኝ።

“እንዴት? ሻጩ ‘የሽሮ ሜዳ ነው’ ብሎ ነው የሸጠልኝ።”

“ጥበብ ሲሸመን ክሩ በጀርባው ይታያል። ይሄው ጀርባው ነጭ ነው። ቀለም ነው፣ ታትሞበት ነው። በኮንቴይነር ከሚገባው ነው።” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ገልብጠው አላዩትም?”

አላየሁም። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ስንቱን መጽሐፍ ገልብጬ፣ የራሴን እጅጌ አልገለበጥኩም። ኤድንብራ ላይ “የአያቶቹ ልብስ” ተብሎ የተጨበጨበለት ጨርቅ አያቶቼ አይተውት አያውቁም። የእኔ ልብስና የሁለቱ ጎረምሶች ኪልት የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ውርደቴ በዚህ አያበቃም። የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና የእህቴ ልጅ ጉልበቷ ላይ የሚቀር፣ ትከሻው የተከፈተ፣ ኪስ ያለው የሀገር ልብስ ለብሳ መጣች። “የሀገር ልብስ እንዲህ ይቆረጣል? ሂጂ ቀይሪ!” ብዬ በዘመድ ፊት ጮህኩባት። ቀየረች፤ አልቅሳ ቀየረች። ልብሱ ከየት እንደመጣ ያኔ አልጠየቅኋትም። አሁን ጠየቅኋት። ንድፉን ራሷ ሥላ፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቀብድ ከፍላ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ያሠራችው ነው። ድሩም ማጉም ጥበቡም የእጅ ሥራ ነው። ሸማኔውን ያበላችውን ልጅ አስለቅሼ፣ ገንዘቤን ለኮንቴይነሩ ባለቤት ወስጄ ሰጠሁ። ከዚያ ስኮትላንድ ሄጄ ተመሰገንኩ!

ይህ የእኔ ኃጢአት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔን “ቁጢት በጣሽ” እያለ ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ዛሬ ስለ ሽመናው ክብር ሲቆጣ መስማት ራሱ ያሳፍራል። የቀሚሱን ርዝመት እንለካለን፤ የሸማኔውን የቀን ገቢ አንለካም። የልጅቷ ጉልበት ሲታይ ባህል ጠፋ ብለን እሪ እንላለን፤ መወርወሪያው ሲቆም ድምፁን አንሰማም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ ሸማኔው ራሱ ለዓውደ ዓመት ልጆቹን ያንኑ የታተመ ጨርቅ ሲያለብስ ብታገኙት አትደነቁ።

“ታዲያ ድሃው ምን ይልበስ? የእጅ ሥራውን ማን ይችለዋል?” የሚለኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የታተመ ጨርቅ መልበስ ነውር አይደለም፤ አክሪሊክ ኪልት መልበስም እንደዚሁ። ልጆቹን ለጥምቀት በታተመ ነጭ የሚያስጌጥ ወላጅን እኔ ከነቀፍኩ አፌ ይዘጋ። እኔ የምለው በስሙ ይሸጥ ነው። የታተመው “የታተመ” ይባል፣ አክሪሊኩ “አክሪሊክ” ይባል፤ የእጅ ሥራ የሚለው ስም ለእጅ ሥራ ብቻ ይቀመጥ። ስም የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ወግ ጠባቂ ነኝ የሚል ሁሉ ሊጮህበት የሚገባው በር ይኸውና፤ ማንም ግን እዚያ ቆሞ አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

አዲሱ ሁሉ መልካም ነው አላልኩም። ፋብሪካ ያወጣው፣ ሰፊ ያላየው ኪስ ያለው ኪልትም ሞልቷል፤ እኛም ጋ “ዘመናዊ” ተብሎ የሚቸበቸብ ጉድ አለ። ስለዚህ አዲስና አሮጌ የሚለው ሚዛን ራሱ አይሠራም። የሚሠራው ሚዛን የሸማኔው ነው። ገልብጦ ማየት። ማን ሠራው? ከምን? ያ ሰው ከሥራው በልቶ አድሯል? ልጁንስ ሙያውን ያስተምራል? መልሱ ጥሩ ከሆነ ኪሱ ሁለትም ይሁን ሃያ፣ እኔ ከአሁን በኋላ አልናገርም። የእህቴንም ልጅ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስቃ፣ “ጋሼ፣ ለአንተም አንድ ላሠራልህ?” አለችኝ። ኪስ እንዳይረሳ ብያታለሁ።

የሠርጉ ፎቶ በቅርቡ ደረሰኝ። መሐል ላይ ሁለቱ ቀይ ለባሾችና እኔ ደረታችንን ነፍተን ቆመናል፤ ሦስት ሐሰተኞች፣ ተደርድረን። ሙሽራው ወደ ጠርዝ ተገፍቷል። ሽማግሌው በፎቶው ውስጥ የሉም። የእሳቸውም ኪልት በእጅ የተሰፋ ነበር፤ የልጁም በእጅ የተሰፋ ነበር። ጎን ለጎን አልቆምም የተባባሉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው።